«ቀይ እያለ አይወጣም» የሚሉት ክቡርነታቸው

ሶፍትዌር የሚሠራበት ቤት ሁሉ እሺ የማይል አንድ ሰው አያጣም። የእኛውን «ክቡር ቀይ መብራት» እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። ፊት ለፊትማ «ጋሼ» ናቸው።

የምንሠራው ክሊኒኮች የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰሉበት ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ በነፃ ይወስደዋል፣ ያርመዋል። አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ግን ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚፈትሽ ዘጠኝ መቶ ቴስት ማለፍ አለበት። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ስክሪን ላይ ይታያል። አንዷ እንኳ ከቀላች ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና፣ «ቀይ እያለ አይወጣም» ይላሉ። አለቀ።

የወደቀ ቴስት ልዝለል ለሚልም መንገድ አላቸው። የተማሪ ደብተር ያወጡና፣ «ምክንያትህን በእጅህ ጻፍና ፈርም» ይላሉ። ስንቱ ጎበዝ እስክሪብቶውን ሲያይ ሐሳቡን ቀይሯል። አንዴ ዲዛይነራችን «ሲስተሙ ከፍቶት ነው» ብላ ብትጽፍ፣ «ማን አስከፋው?» ብለው ከሥር ጻፉላት።

ባለፈው ወር፣ በፈረንጆቹ ቀን በሠላሳ አንድ፣ አዲሱን እትም እናደርሳለን ብዬ ለክሊኒኮቹ ቃል የገባሁት እኔ ነበርኩ። በዕለቱ ጠዋት ስገባ አንድ ቴስት ቀልታለች። አውቃታለሁ፤ አልፎ አልፎ ትወድቅና በማግስቱ ማንም ሳይነካት ታልፋለች።

«ጋሼ፣ ይቺ አመሏ ነው። ነገ ትድናለች» አልኳቸው።

«ነገማ ትድናለች። ዛሬ የሚታከም ሕፃን የለም?»

«ሰዎቹ እየጠበቁን ነው እኮ። ቃሌን ልብላ?»

«ይጠብቁ። ና ቁጭ በል።»

ደሜ ፈላ። እሳቸው እቴ፣ ደብተሩን ገለጡት። ቴስቷ የወደቀችባቸውን ቀናት አንድ በአንድ መዝግበዋል፤ ሁሉም ሠላሳ አንድ ነው። ኮዱን ከፍተን ስናይ፣ ፕሮግራሙ ከሠላሳ አንድ ተነስቶ ወር ወደ ኋላ ሲቆጥር፣ ሠላሳ አንደኛ ቀን የሌለው ወር ላይ ይደናበርና የሁለት ወሩን ሕፃን የሦስት ወር ያደርገዋል። መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። መስመሩን ከወራት በፊት ለዚሁ እትም ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ክቡርነታቸው አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ወንበራቸውን አስጠግተው አብረውኝ አስተካከሉ። ዘጠኝ መቶውም አረንጓዴ ሆነ፣ እትሙ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ወጣ። የዘገየበትንም ምክንያት ዓለም እንዲያነበው ስሜን ጠቅሼ ጻፍኩ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ጨቅላዋን ልጃችንን ታቅፋ፣ «ዛሬም ሰውዬው ናቸው ያዘገዩህ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ጡረታ የሚወጡት መቼ ነው?»

ይህንኑ ስንት ጊዜ አብሬያት ተመኝቻለሁ። ልጄን ተቀብዬ ደረቴ ላይ አስጠጋኋትና፣ «አይውጡ» አልኩ። «ዕድሜ ይስጥልኝ።»