ለሰው የሚሄድ ዕቃ

ስጦታ የሚገዛ ሰው ባለበት ሁሉ፣ አጠገቡ ቆሞ «ይኼማ አይሆንም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ገንዘቡ የእሱ አይደለም፤ ተቀባዩን አያውቀውም፤ ምክር የጠየቀውም የለም። ዝም ቢል ግን ያመዋል። በሌላው ከተማ ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቦንጋ ላይ ሥራው የሙሉ ጊዜ ነው፤ ሹሙም ክቡር ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጡረታው በወረቀት ነው እንጂ፣ ከቦንጋ የሚወጣ ማር፣ ቡና፣ ኮረሪማና ሰፌድ ሁሉ በእሳቸው አፍንጫ ሥር ካላለፈ በኮንትሮባንድ እንደወጣ ይቆጥሩታል። ፍርዳቸው ሁለት ቃል ናት፤ «ለሰው አይሄድም!» ይግባኝ የላትም። ለራስህ ብላው፣ ለጎረቤት ስጠው፣ ለሰው ግን አይሄድም። «ሰው» ማለት በእሳቸው አነጋገር ካፋን አይቶ የማያውቅ፣ በተላከለት አንድ ኪሎ ማር አገሩን በሙሉ የሚመዝን ፍጡር ነው።

ኢዮሲያስ የሚባል መምህር ለወንድሙ ሠርግ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ የያዘውን ማር ከባጃጅ አስወርደው ቀመሱና፣ «የዚህ ማር ንብ የዋለችው ስኳር ቤት ነው» ብለው መለሱት። መምህሩ ሌላ ማር ሲያፈላልግ ሠርጉ አልፎት ለመልሱ ደረሰ። እስከ ዛሬ ሲያገኛቸው ያመሰግናቸዋል ይባላል፤ የሚሉትም ራሳቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች «የካፋ ማስታወሻ» ተብሎ ስኒ ሲታደላቸው፣ አንዱን ገልብጠው ከሥሩ የተጻፈውን የፋብሪካ አገር ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አዘጋጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

ሰብሌ በእኚህ ሰው ግቢ ተከራይታ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ሥራዋ አዋላጅ ነርስነት ነው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን እንደ ቦንጋ ዝናብ ለምዳቸዋለች። በዚያ ሳምንት ግን ለማንም የሚሆን ትዕግሥት አልነበራትም።

ማክሰኞ ዕለት እናቷ ወይዘሮ ውባየሁ ደውለው ነበር። «አጎትሽ ዝውውርሽን ጨርሶልሻል። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። እሑድ እዚህ እንድትገኚ። ያንን ጫካ ከእንግዲህ አታዪውም» አሏት።

ሰብሌ ደብረ ብርሃን መቅረት አትፈልግም። ሥራዋን ትወደዋለች። ያዋለደቻቸው እናቶች ገበያ ላይ በስሟ ጠርተው ያቅፏታል። ነገር ግን አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷን አስከፍታ አታውቅም፤ አስለቅሳቸው የምትመለስበት አንጀትም የላትም። ወይዘሮ ውባየሁ ካፋ ሲባል የሚታያቸው ዛፍና ጅብ ብቻ ነው። እናም ሰብሌ፣ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዤ ብገባ ልባቸው ይራራ ይሆናል ብላ ተስፋዋን ሁሉ ስጦታው ላይ ጣለች። ይህንኑ ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ባለቤት ለእትዬ ተሾመች አጫወተቻቸው። ለእትዬ ተሾመች የተነገረ ነገር ደግሞ ውሎ አያድርም። በማግስቱ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደጃፏ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ እኔ ሳላይ አንዲት ነገር እንዳትገዢ።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ገበያ ገቡ። የጅማው ሚኒባስ የሚነሳው ሰባት ሰዓት ነው። ሰብሌ አራት ሰዓት ለየትኛውም ግዢ ይበቃል ብላ ነበር።

የመጀመሪያውን ማር በጣታቸው ጠነቆሉት። «ጭስ ጭስ ይላል። ቆራጩ ቸኩሏል። ለሰው አይሄድም።» ሁለተኛውን ዘቅዝቀው ሲወርድ አዩትና፣ «ይኼ ውኃ ጠጥቷል» አሉ። ሦስተኛው ነጭ ነው፤ የገተም ዛፍ አበባ ማር፤ ሰብሌ ገና ስታየው ልቧ ደነገጠ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስም ቀምሰው ጣታቸውን ደግመው ነከሩ፤ ጥሩ ምልክት ነበር። ከዚያ ሻጯን ጠየቋት።

«የማን ቀፎ ነው?»

«እኔ ከነጋዴ የገዛሁት ነው፣ ጋሼ።»

«ባለቤቱ ያልታወቀ ማር ለእናት ይሰጣል?» ብለው ክዳኑን መለሱላት።

ወደ ቡና ተራ ዞሩ። ሩሀማ የምትባል የሺሺንዳ ነጋዴ ጆንያዋን ከፍታ ተቀምጣለች። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከጆንያው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጥቁር ጥቁሩን ፍሬ እየለቀሙ መዳፏ ላይ ያስቀምጡላት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር።

«ጋሽ ወልዴ፣ የሚገዙት በኪሎ ነው ወይስ በፍሬ?» አለቻቸው።

ሰው ሳቀ። ሰብሌ አልሳቀችም። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ዘንቢሏ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናው ይሄድብኛል።»

«መኪና ይሄዳል፣ ሌላ መኪና ይመጣል። እናት አንድ ናት» አሉና ድንገት እንደ መብራት ብልጭ አለላቸው። «ጠብቂኝ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብለው ባጃጅ አስቁመው ገቡና በአስፋልቱ ሽቅብ ተፈተለኩ።

ጠበቀች። አምስት ተኩል ሆነ። ስድስት ሊሆን ሩብ ቀረው። ስልካቸው አይነሳም። መጨረሻ ላይ ንዴቷ ከይሉኝታዋ በለጠና እንደ ሌባ ዙሪያዋን እያየች ከሩሀማ ሁለት ኪሎ ቡና፣ ከጎኗ ካለችው ሴት ሁለት ዙር በክር የተሰካ ኮረሪማ ገዛች። ሁለቱንም አንድ ከረጢት ውስጥ አጨቀች። ነጩን ማር ልትገዛ ስትመለስ ሌላ ሰው ወስዶታል።

ለሰባት ሩብ ጉዳይ መናኸሪያ ደረሰች። ሾፌሩ ፈለቀ ሻንጣዋን ጭኖላት፣ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። ያኔ አንድ ባጃጅ እያጓራ መጥቶ የሚኒባሱ አፍንጫ ላይ ቆመ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ወረዱ። በአንድ እጃቸው በቆዳ የተከደነ አንገተ ረጅም ቅል እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። የመጡት ማንኪራ ገጠር ካለ ዘመዳቸው ቤት ነበር።

በመስኮቱ አጎንብሰው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት አፍንጫቸው ሠራ።

«ምንድን ነው ይኼ? ቡናና ኮረሪማ በአንድ ከረጢት?»

«ጋሼ፣ እባክዎ…»

«ቡና እኮ ሽታ ይሰርቃል! ጅማ ሳትደርሺ ቡናው ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል! እናትሽ የካፋ ሰው ቡና ማስቀመጥ አያውቅም አይሉም?» እጃቸውን በመስኮት አስገብተው ከረጢቱን ይፈቱ ጀመር። ኮረሪማው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ፈለቀ ጥሩንባውን ነፋ። ከኋላ አንዱ «አባት፣ እኛም እናት አለን፤ እንሂድ!» ብሎ ጮኸ።

ሰብሌ ሁለት ዓመት የያዘችው ነገር በዚያች ቅጽበት አመለጣት። «ይተዉኝ በቃ! ጠዋቱን ሙሉ አዞሩኝ፣ ማሩንም አስመለጡኝ! እኔ እኮ ተመልሼ ላልመጣ እችላለሁ፣ ጋሼ! ለእርስዎ ይኼ ጨዋታ ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ኮረሪማውን ለቅመው በፌስታል ለብቻው ቋጠሩና ሰጧት። ከዚያ ቅሉን በመስኮት አቀበሏት።

«የገተም ማር ነው። ቀፎውን የሰቀልኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ የዘመዴ ልጅ ዛሬ ቆረጠው። ማሩ ለእናትሽ ነው። ቅሉ ግን ስጦታ አይደለም። የአባቴ ቅል ነው፤ ማር ከዛፍ የሚያወርድበት። ትመልሺልኛለሽ።»

ለዚህች ቅል ደግሞ ይሰስቱብኛል ብላ አሰበች። «እሺ» አለች ሳታያቸው። ሚኒባሱ ወጣ። የኋላው ተሳፋሪ፣ «ሰውየው ማር ሰጥቶ ቅል ይከለክላል!» ብሎ እስከ ጊምቦ ከተማ ድረስ ሳቀ። ሰብሌ ግን ከተማው ከዓይኗ ሲጠፋ አለቀሰች። ደህና ይሁኑ እንኳ አላለቻቸውም ነበር።

እሑድ ማታ ደብረ ብርሃን ገባች። ወይዘሮ ውባየሁ ስመው ስመው ሲጨርሱ ቅጹንና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አሁን እረፊ። ነገ ትፈርሚያለሽ።» ቡናውን አሽትተው አስቀመጡት። ማሩን ሲያዩ ንጣቱ አጠራጠራቸውና፣ «ስኳር ነው እንዴ?» አሉ። ቀመሱት። ሁለተኛ ቀመሱት። በሦስተኛው ማንኪያ ላይ የማን ማር እንደሆነ ጠየቁ።

ሰብሌ የገበያውን ነገር እየተቆጣች ተረከችላቸው፤ ጭሱን፣ ጥቁር ጥቁር ፍሬውን፣ መናኸሪያው ላይ የደረሰባትን ውርደት። እናቷ ያዝኑልኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን በእያንዳንዱ ነገር ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «የማን ቀፎ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ኮረሪማውን መለየታቸውም ልክ ነው። አንቺን ማን አሳደገሽ?»

ሰኞ አለፈ። ሰብሌ ራሴን አመመኝ ብላ ሳትፈርም ዋለች። ማክሰኞ ግን አጎቷ ደወለ፤ ቅጹ ነገ መድረስ አለበት አለ። እናቷ እስክሪብቶውን አቀበሏት፤ ያዘችው። ጊዜ ለመግዛት ያህል ማሩ ወደ ማሰሮ ተገልብጦ ታጥቦ ወደተሰቀለው ቅል አየች።

«እማዬ፣ ቅሉን ግን የሚወስድ ሰው ማግኘት አለብን።»

«የት የሚወስድ?»

«የሳቸው ነው። ትመልሺልኛለሽ ብለውኛል። የአባታቸው ቅል ነው።»

ወይዘሮ ውባየሁ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ውሰት ነው? የሙት አባት ዕቃ ተውሰሽ መጥተሽ እዚህ ልትቀሪ ነበር? የደብረ ብርሃን ሰው ቅል በላ እንዲሉን ነው?»

«በሰው እንልካለን…»

«ቅል በሰው ይላካል? አንዱ ይቀመጥበታል!» እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቋት። «ፊርማው ይቆያል። መጀመሪያ የሰው ዕቃ ይመለስ። የወሰደችው ታምጣው እንጂ ሌላ ማን ያመጣል ይሉናል። ደግሞስ በባዶው ይመለሳል እንዴ!» ቅጹን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ፣ ከአሮጌ ፎቶግራፎች ሥር ከተቱት።

ያን ቀንና በማግስቱ ቤቱ ሰላም አጣ። ቅሉ ውስጥ የገብስ ቆሎ ይሞላ ተባለ። የእትዬ ይመኙሻል ገብስ ደቃቃ ነው ተብሎ ተመለሰ። የማዶዋ ሴትዮ ገብስ ድንጋይ አለው። ሦስተኛው ተገኝቶ ተቆልቶ ሲያበቃ አንድ ወገኑ አረረ ተብሎ ለልጆች ተበተነ። ሰብሌ ቁጭ ብላ እያየች እኚህን ሴት የት ነው የማውቃቸው አለች በልቧ፤ ቅዳሜ ጠዋቱን ሙሉ ቦንጋ ገበያ ላይ ስትከተላቸው ውላለች። ያን ጊዜ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ክፉኛ ናፈቋት፤ በመስኮቱ የጮኸችባቸውም እንደ አዲስ ከነከናት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እትዬ ተሾመች ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ዓርብ እመጣለሁ። ለጋሼ ይቅርታ ብላለች ይበሉልኝ። የአባታቸውም ቅል ደህና ነው፤ እቅፍ አድርጌ ነው የማመጣው።»

«የምን የአባቱ ቅል?»

«ማሩ የመጣበት፣ አንገተ ረጅሙ…»

«ያ በቆዳ የተከደነው?» እትዬ ተሾመች ጮኹ። «እሱ ነው የወሰደው? እኔ እኮ ባለፈው ጥምቀት ከሺሺንዳ ገበያ የገዛሁት ነው! አምስት ቀን ሙሉ ጎረቤቱን ሁሉ ስጠረጥር! የአባቱ? አባቱ ማር የሚያወርደው በቆርቆሮ ነበር!»

ሰብሌ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። የንብን ውሸት በአንድ ጠብታ የሚለዩት፣ ለስኒ ሐሰት እንግዳ ፊት የማይራሩት ሰው፣ መናኸሪያ ላይ በአርባ ሰው ፊት ዓይናቸውን ሳያሹ ዋሽተዋል። ከጨዋ እናት እጅ ልጅን የሚያስመልሰው ስጦታ ሳይሆን ውሰት መሆኑን ያውቁ ነበር። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት።

ወይዘሮ ውባየሁ አዲሱን ቆሎ እያበጠሩ ቀና አሉ። «ምን ሆነሽ ነው? ሴትዮዋ ምን አለችሽ?»

ሰብሌ ዓይኗን ጠረገች።

«ምንም። ቅሉን አደራ ነው የሚሉት፣ እማዬ። ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው አሉ።»

«አላልኩሽም!» አሉ እናቷ፤ ሄደውም ከሳጥናቸው የክት ነጠላቸውን አውጥተው ቅሉን ይጠቀልሉ ጀመር።