ለእትዬ ላቀች ያወጣሁላቸው ተመን

ሰው ዕድሜው ሲገፋ የሚያፍርባቸው ነገሮች ይለዋወጣሉ። በወጣትነቴ የሚያሳፍረኝ የተቀደደ ጫማ፣ የተንሻፈፈ እንግሊዝኛ፣ ሰው ፊት ሆዴ ሲጮህ ነበር። ዛሬ አንዱም አያሳፍረኝም፤ ሆዴ እንዳሻው ይጩህ። አሁን የማፍረው በበጎ ልብ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍና በሙሉ ድምፅ በሠራሁት ጥፋት ነው። ክፉ አስቦ ያጠፋ ሰው ቢያንስ ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ለሰው ደግ ልሥራ ብሎ ተነሥቶ ያንኑ ሰው ያደኸየ ግን ምን ይበል? እኔ ይኸው ይህን ያህል ዓመት ስፈልገው ቃሉን አላገኘሁትም።

ነገሩን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥም ሆነ ለቅሶ ቤት ወሬው ሁሉ ዋጋ ነው። ኪራይ ናረ፣ ዘይት ናረ፣ ሽንኩርት እንኳ ኮራ። ታዲያ ከተሰበሰበው መካከል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መንግሥት ቆፍጠን ያለ ተመን ቢያወጣ ኖሮ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ዐይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ። እናንተም ከነቀነቁት አንዱ ከሆናችሁ አትቀየሙኝ፤ ሐሳቡን የምሸሸው ስለማላውቀው ሳይሆን በቅርብ ስለማውቀው ነው።

በደርግ ዘመን መተማ ዮሐንስ መምህር ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ኢኮኖሚክስ ሁለት ዓመት ቀምሼ ስለነበር፣ ስለ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ይቀሰራል። የዋጋና የጉልበት ኮሚቴ የሚባል ነገር ሲቋቋምም ጸሐፊ አደረጉኝ። የምኖረው እትዬ ላቀች የሚባሉ መበለት ግቢ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠግቼ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰሊጥ ነበራቸው። ሰው ቀጥሮ ማረስ በአዋጅ ቢከለከልም ለመበለትና ለታመመ ስለተፈቀደ፣ በየዓመቱ አጫጅ ይቀጥራሉ። በዚያ ዓመት ከጥንድ በሬዎቻቸው አንዱን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ገድሎባቸዋል። የሰሊጡ ገንዘብ የበሬ መግዣ ነው። በሬው ካልተገዛ መሬታቸውን ለሰው አሳርሰው እኩሌታውን መጠበቅ ነው፤ ይህንንም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ጎረቤት አልነበራቸውም።

ሰሊጥን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሽላ ደርሶ ሳምንት ቢዘገዩበት ቆሞ ይጠብቃል። ሰሊጥ ግን ትዕግሥት የላትም። ሳትከፈት ታጭዳ፣ በነዶ ታስራ፣ ቀጥ ብላ ቆማ መድረቅ አለባት። ሁለት ሦስት ቀን ካሳለፉባት ፍሬ የያዘችበትን ከረጢት ከፍታ ለመሬት ታስረክባለች። ደግሞ የአገሩ ሰሊጥ ሁሉ የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው፣ ቆላው ሳሉግ የሚለው የቀን ሠራተኛ፣ ማጭዱን ታቅፎ ገበያው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ባለ ሰሊጡ እየመጣ ይጠይቃል። ሰኞ ሁለት ብር የነበረው ጉልበት ሐሙስ አራት ይገባል።

እትዬ ላቀች ሐሙስ ከዚያ ዛፍ ሥር ተመልሰው ግቢው በር ላይ አገኙኝ። "አራት ብር ይላሉ እኮ መምህሬ፤ ሊያጭዱ ያሰቡት እኔን ነው እንጂ ሰሊጤን አይመስለኝም" አሉኝ። ነገሩን በልቤ ይዤ ስብሰባ ገባሁ።

ስብሰባው ላይ የአጫጅ ዋጋ በቀን ሁለት ብር እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ። የመበለቶችን እንባ፣ የደላሎችን ስግብግብነት አነሣሁ፤ አንደበቴ በዚያ ቀን አልከዳኝም። ሼህ እድሪስ የሚባሉ ባለ ሱቅ የኮሚቴው አባል ነበሩ። እሳቸው ብቻ ረጋ ብለው፣ ጋላባትስ ስንት ይከፍላሉ ሲሉ ጠየቁ። ጋላባት ሱዳን ነው፤ ወንዙን መሻገር ብቻ ነው፣ እዚያም ሰሊጡ ደርሷል። የሌላ አገር ዋጋ እኛን እንደማይመለከተን በትሕትና አስረዳኋቸው። ሼሁም በትሕትና አመሰገኑኝ። ተመኑ በጭብጨባ ጸደቀ። ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ ዛፉ ላይ ለጠፍኩ፤ እትዬ ላቀችም ሲሰሙ መረቁኝ።

በማግስቱ ከዛፉ ሥር የተነሣ ሰው አልነበረም። ባለ ሰሊጡ ሁለት ብር ይላል፤ አጫጁ ወገቡን እንዳመመው ይናገራል። በሁለተኛው ቀን የተቀመጡት ቁጥራቸው ሳሳ። ማስታወቂያዬን ቆሜ ሳይ፣ ይመር የሚባል የስምንት አጫጆች አለቃ፣ የወሎ ሰው፣ ካለበት ሳይነሣ "መምህር፣ ሰሊጧስ ተመኑን ሰምታለች?" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያልገባው ሰው የሚስቀውን ሳቅ።

በዚያኑ ቀን ማታ እትዬ ላቀች ወደ ክፍሌ መጡ። ለይመር አራቱን ብር ብከፍለው ምን ይመስልሃል አሉኝ። ለእርስዎ ስል ያወጣሁትን ተመን እርስዎ ከጣሱት ሌላው ምን ይላል ብዬ መለስኩላቸው። ቃሉ ያማረ መስሎኝ ነበር። ደህና እደር ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ማለዳ ከቤት ወጥቼ ስሄድ ይመር ስምንቱን አስከትሎ ወደ እትዬ ላቀች ማሳ ሲያቀና መንገድ ላይ ገጠመኝ። ሰላም አለኝ። ልብ በሉ፣ ሰላም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። በዓለም ላይ ካሉ ሥራዎች ሁሉ አለመጠየቅን የሚያህል ቀላል ሥራ የለም። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝና ጠየቅሁ።

"በስንት ተስማማችሁ?"

"በአራት" አለ ይመር። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

ተመኑ ሁለት ነው አልኩት። እሱም እሺ አለ። አልተከራከረኝም፤ ዘወር አለና ሰዎቹን ወደ ወንዙ መራቸው። ፀሐይ ሳትበረታ ጋላባት ሰሊጥ እያጨዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ዘመቻ አወጀ። መምህራን፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሆነን እትዬ ላቀች ማሳ ገባን። ከመካከላችን ማጭድ ይዞ የሚያውቅ አልነበረም። ሰሊጧ ተከፍታለች። የተከፈተች ሰሊጥ እንደ ሕፃን በሁለት እጅ፣ ቀጥ ተደርጋ ነው የምትያዘው፤ እኛ እንደ ማገዶ ትከሻችን ላይ ጋደም አድርገን፣ እየዘመርን ተሸከምናት። በሄድንበት ሁሉ እየዘነበች ተከተለችን። ማታ ጫማዬን ስገለብጠው እፍኝ ሰሊጥ ወጣ። ከማሳው ከተረፈው ብዙም አያንስም። በሬው ሳይገዛ ቀረ።

ገበያ ሩኅሩኅ ነው አልላችሁም። አራት ብር እትዬ ላቀችን ያማቸው ነበር። ያማቸው ነበር እንጂ ባዶ እጃቸውን አያስቀራቸውም። ያ እኔ ስግብግብነት ያልኩት ዋጋ፣ ሰሊጥ ሁሉ ባንዴ ደርሷል፣ እጅ አንሷል፣ ማዶም አጫጅ ይፈልጋል የሚል ወሬ ነበር። እኛ የወሬ ነጋሪውን አፍ አፈንን፤ ወሬው ግን እውነት ነበር። ሁለት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይህን ያስተማረኝ በሌላ ሰው በሬ የተከፈለበት ትምህርት ነው።

አጨዳው ካለቀ በኋላ ለመንግሥት ከሚገባው ኮታ ያጎደሉ ሰዎች ኮሚቴው ፊት ተጠሩ። ምክንያት የሌለው ከኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ይታገድበታል። እትዬ ላቀች ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ሰሊጡ ለምን ጎደለ ሲል ጠየቀ። መልሱን ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መልሱ ብዕር ይዞ ከፊታቸው ተቀምጧል። ተመን አጠፋኝ ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል፣ በተለይ ተመኑን ላመጣው ሰው፣ እሳቸውም አይጠፋቸውም።

አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ።

"ነፋስ ነው" አሉ። "ዘንድሮ ነፋሱ በረታብን።"

በዚያ ሰሞን መተማ ላይ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በሙቀት ሲታፈን ነው የከረመው። ሼህ እድሪስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሊቀ መንበሩ ይመዝገብ አለ። ልነሣ ልናገር አልኩ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፌ፣ "በነፋስ ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። በመንገድ ያነሡት ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው። ስንደርስ እጃቸውን ታጥበው እራት ለኔ አስቀድመው አቀረቡ።

በላሁ።