ለአንድ «ካም ኦን» የሚሆን ጃፓንኛ

እናንተዬ፣ ቃል ሲመርጥ ሰው በጎርፍ ሊያስወስድ የሚደርስ አስተርጓሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጃፓንኛን ከእንግሊዝኛ-ጃፓንኛ መዝገበ ቃላት ብቻቸውን የተማሩት ጎረቤቴ ጋሼ ተሾመ ናቸው።

የማሾ እርሻችንን ሊያይ የመጣ ጃፓናዊ እንግዳ በደረቁ የሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ፣ ከደብረ ሲና በኩል ጎርፉ እያጓራ መጣ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ና በሉት!» አልኳቸው ከዳር ሆኜ።

«እንግሊዝኛው ‹ካም ኦን› ነው፤ ቀላል። ጃፓንኛው ግን ለማባበል ሌላ፣ ለማጣደፍ ሌላ፣ ለቁጣ ሌላ ነው። ደግሞም እንግዳ ነውና አክብሮት ይገባዋል» ብለው መዝገበ ቃላታቸውን ገለጡ።

«ውሃው አንቱታ አያውቅም፣ ጋሼ!»

ይሄኔ አጠገባችን የቆሙት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «ያ አላህ!» ብለው፣ ልጅ እንደምንጠራው መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ጣታቸውን አርገበገቡለት። ሰውዬው ካሜራውን አቅፎ እየበረረ መጣ። ለካስ ጃፓንም ሰው የሚጠራው እንዲሁ ነው!

እንግዳው አጠገባችን ጫማውን ሲያራግፍ ጋሼ ከመጽሐፋቸው ቀና አሉ።

«አገኘሁት! ሰውዬው የታለ?»