ክንዳቸው ላይ ኬልቲክ የተነቀሱ ሰዎች

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ዳላስ ውስጥ ያ እንደ ገመድ የተጠላለፈ፣ ከጥንት አየርላንዶች የመጣ የኬልቲክ ንቅሳት ክንዱ ላይ የሌለበት ወንድ አይታችኋል? እኔ እንጃ። ትርጉሙን ስትጠይቋቸው አንዱ "ዘላለማዊነት ነው" ይላል። ሌላው አይቷት የማያውቃትን አየርላንድ ይጠራል። እዚሁ ዳላስ አጠገብ ፍሪስኮ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ግን "ክንዴን ወፈር ያደርገዋል" አለኝ። እሱን አመንኩት።

ሶ፣ እንዲህ ስስቅባቸው እማዬ ለልብ ኦፕራሲዮን ካሮልተን ሆስፒታል ገባች። ሰዓቱ ሲደርስ "መስቀል ሳልሳለም ቢላ አይነካኝም!" ብላ እምቢ አለች። የምንጠብቃቸውን ቄስ ሀይዌይ ላይ የመኪና መጨናነቅ ይዟቸዋል። ዶክተሩ ካሁን በኋላ አልጠብቅም ብሏል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ያኔ አልጋዋን ሊገፋ አንድ ግዙፍ ነርስ ገባ። ክንዱ ላይ ከክርኑ እስከ አንጓው የሚደርስ የኬልቲክ መስቀል ተነቅሷል። እማዬ ትክ ብላ አየችው።

"እማዬ፣ እሱ እኮ ለፋሽን ነው" አልኳት።

"ዝም በይ አንቺ! መስቀል አይደለም እንዴ?"

ክንዱን ሳብ አድርጋ ግንባሯን አስነካች፣ ሳመችው። "በል ልጄ፣ አሁን ግፋ።"

ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ምን ላድርግ?" አለኝ በእንግሊዝኛ።

"ምንም፣ ዝም ብለህ ክንድህን ያዝላት።"

ያዘላት። በአንድ እጁ አልጋውን እየገፋ፣ ሌላውን ክንዱን ለእሷ ትቶ፣ ያን ሁሉ ኮሪደር ጎብጦ ሄደ።

እማዬ ይኸው ድና ቀኑን ሙሉ ትቆጣኛለች። እናንተ ኬልቲክ የተነቀሳችሁ ሁሉ፣ ክንዳችሁ ይባረክ።