ዜና መዋዕል ዘአርባ ሦስቱ ቁልፎች

አዲሱ ካውያ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አሮጌው የስፌት መኪና ተቃጥሎ በወጣ በሦስተኛው ወር፣ ጽኑዐ መርፌ፣ ፈጣነ ጣት፣ መፍቀሬ አክስቱ ሊቀ ቁልፍ ቀጮ በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ውርርድን በሥርዓት ያቆመበት ዜና ይህ ነው። ጸሐፊው አብዛኛውን በዓይኑ አይቷል፤ ያላየውን በካውያ ልብስ ከሚተኩሰው ከተኳሹ ሰምቷል፤ ተኳሹ ደግሞ የሰማውን ሳያሳብጥ አውርቶ አያውቅምና አንባቢ እንደ አቅሙ ይቀንስለት።

ሊቀ ቁልፍ የተባለው በዚያ ቤት በተሰፋ ልብስ ሁሉ ላይ ቁልፍ የሚተክል እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ቀጮ የተባለው ደግሞ ከመለኪያው ሜትር ጎን ሲቆም የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለሚያጠራጥር። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው፣ መርፌ አያያዝም ያስተማረችው አክስቱ፣ ቤቱ በሙሉ እትዬ የሚላት፣ እዚያው ጥግ ከመደርደሪያው ጥላ ሥር ተቀምጣ የሱሪ ጫፍ ታጥፍ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና ቀጮ በየማለዳው ሰላም የሚላት መስሎ ጎንበስ ይልና በአሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ኮሌታዋ ላይ ሰክቶላት ያልፍ ነበር። የቤቱ ባለቤት ካወቁ ያሰናብቷታል ብሎ ፈርቶ ነበር።

በዚያ ቤት ደህና ብርሃን የሚያገኝ ወንበር አንድ ነው፤ እርሱም በመስኮቱ ሥር ያለው፣ የቆራጩ የጋሼ መቀስ ወንበር። ጋሼ መቀስ ቆመው ነው የሚቆርጡት፤ ወንበሩ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ኮታቸው ነው። ለእትዬ ይልቀቁላት እንዳይላቸው፣ ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ከጠየቁ ደግሞ የዓይኗ ነገር ሊወጣ ነው። ቀጮም እህል አልበላለት ብሎ ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን ተኳሹ ትልቅ ስልክ ገዛ። በምሳ ሰዓት በካውያው ማስቀመጫ ላይ እያቆመ፣ ፊታቸውን ሰው አይቶት የማያውቅ ተጫዋቾች ከየሀገሩ በኢንተርኔት የሚነዷቸውን አራት መኪኖች፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውንና ነጩን፣ እሽቅድምድም ያሳይ ጀመር። ቤቱም ተወራረደ፤ ሥርዓት ግን አልነበረምና ውርርዱ ሁሉ ጠብ ሆነ። ቀዩ ሲያሸንፍ ሁሉም ቀይ ብሎ ነበር፤ ነጩ ሲያሸንፍ ቀይ ያለ ሰው ጠፋ። በስፌት መኪና የሚሰፉት ሁለቱ እህትማማቾች በዚህ ሰበብ ሦስት ቀን ተኳረፉ፤ ክር ሲዋዋሱ እንኳ በተኳሹ በኩል ነበር።

ወእምዝ ሰኞ በምሳ ሰዓት ሊቀ ቁልፍ ቀጮ በርጩማ ላይ ወጣ። በቀኙ የእንፋሎት ጌታ ተኳሹ፣ በግራው ታላቂቱ እህት፣ እንዳትነካት ርቃ ታናሺቱ፣ ፊት ለፊቱ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ጋሼ መቀስ፣ በስተጥጉም እትዬ ሆነው ተሰለፉ። እርሱም አዋጅ ነገረ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ለያንዳንዱ ሰው አሥር አሮጌ የሸሚዝ ቁልፍ ይሰጠዋል። የፈለገው መኪና ላይ፣ የፈለገውን ያህል ይወራረድ። ቁልፉ ግን ውድድሩ ሳይጀመር፣ በመኪናው ቀለም ክር፣ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ያልተሰፋ አይቆጠርም፤ ‹እኔ እኮ ብዬ ነበር› ማለት ቀረ! የተሸናፊዎቹን ቁልፍ አሸናፊዎቹ እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ዓርብ ብዙ ቁልፍ ይዞ የተገኘ፣ በዚህ ቤት የሚቀመጥበትን ወንበር ይመርጣል፤ የሰው ወንበርም ቢሆን!»

ይህንንም የሰሙ ጋሼ መቀስ ዳቦአቸውን አስቀምጠው የመልስ አዋጅ አወጡ፦ «እኔ ከዚህ መስኮት የምነሳው በሬሳ ሣጥን ነው። ፈራ እንዳልባል ግን አሥር ቁልፌን አምጡ።»

ምስጢሩ ለአንባቢ ግልጽ ይሁን፤ ቀጮ ሊያሸንፍና ወንበሩን ለአክስቱ ሊሰጥ ነው ያሰበው። ዕቅዱ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ብቻ ነው። ሰኞ ሰማያዊው ላይ ሦስት ሰፋ፤ ሰማያዊው ግድግዳ መታ። ማክሰኞ ቀዩ ላይ ሦስት ሰፋ፤ ቀዩ ወደ ኋላ ሄደ። ረቡዕ የቤቱ ቁልፍ ቢቆጠር ከታደለው ከስድሳው በልጦ ሰባ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ቢፈተሽ የተኳሹ ሸሚዝ እስከ እምብርቱ ክፍት ነው። ወዲያውም ሁለተኛው አዋጅ ታወጀ፦ «ከራስ ሸሚዝ ቆርጦ መወራረድ ክልክል ነው! ተኳሽ፣ በእናትህ ደረትህን ሸፍን፤ ደንበኛ አለ።»

እትዬ በየቀኑ አንዲት ቁልፍ ብቻ፣ ሁልጊዜም ነጩ ላይ፣ በቀጮ እጅ ታሰፋ ነበር። ሌሎቹ ግትርነት ነው አሉ። ከስልኩ ላይ ለዓይኗ የሚለይላት ነጩ ብቻ እንደሆነ የገባው ቀጮ ነው።

ዓርብ ሲደርስ ለቀጮ ሁለት ቁልፍ ቀረችው፤ ጋሼ መቀስ ሃያ አንድ ነበራቸው። ቁርጥራጭ ጨርቅም አልቆ ነበርና፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ታጥፎ ያገኘውን ግራጫ ጨርቅ፣ ትራፊ መስሎት፣ ዘረጋው። አርባ ሦስት ቁልፍ ተሰፋበት። የሰፉት ደግሞ ሰፊዎች ናቸው፤ ማንም ከማንም ላለማነስ በወፍራም ክር ስምንቴ እያመላለሰ፣ እግሩን ጠምጥሞ፣ ሥሩን ቋጥሮ ሰፋ። ቀጮ ሁለቱንም ቢጫው ላይ ሰፋ።

በይእቲ ዕለት ቢጫው መራ! ሁለት ዙር መራ፣ ሦስተኛውንም ጀመረ፤ ለቀጮም አክስቱ በመስኮቱ ብርሃን ስትሰፋ ታየችው። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ቢጫው መኪና መንገዱ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ነጂው ምን እንዳገኘው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ምናልባት እናቱ ጠርታው ይሆናል። ቀዩ አልፎት ገባ።

ጋሼ መቀስ ቀዩ ላይ አሥራ ሁለት ነበራቸው። ደስታው ራሳቸው ላይ ወጣና፣ ዕድሜ ልካቸውን መቀስ የያዙ ሰውዬ መቀስ ትዝ ሳይላቸው የመጀመሪያዋን ቁልፍ በሁለት እጃቸው መነጨቋት። ቁልፏ አልመጣችም፤ ጨርቁ መጣ። ጣት የሚያህል ተቀደደ። ጎንበስ ብለው ቢያዩ የገዛ ጠመኔአቸው ምልክት አለበት፤ ለካስ የደንበኛ ኮት ጀርባ ኖሯል! ጨርቁን ለክቶ ያመጣው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ትራፊ የለም፤ ቀጠሮውም ነገ በአራት ሰዓት ነው።

በዚህን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ጩኸቱን ሰምተው ገቡ፣ ጨርቁንም አይተው አወጁ፦ «ማን እንዳበላሸው ነገ እጠይቃለሁ። ዛሬ የማየው ማን እንደሚያስተካክለው ነው።»

ለስፌት ከተተወው የጨርቁ ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ ክር መዝዞ ቀዳዳውን መልሶ መሸመን የሚችል በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ዝም እንዲል ቀጮ በልቡ ለመነ፤ እትዬ ብትጀምረው ዓይኗ ሊጋለጥ ነውና፤ ሊያስጥላትም ብሎ ወደ ፊት ወጣ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አባሩኝ!»

ከጥጉ ግን የእትዬ አዋጅ ተሰማ፦ «ዝም በል አንተ ልጅ! እኔ እሠራዋለሁ። ዓይኔ ስለደከመ እዚህ ጨለማ ውስጥ አልችልም። አንተ መቀስ፣ ኮትህን ከወንበሩ ላይ አንሳ።»

የቤቱ ባለቤትም አወጁ፦ «እትዬ፣ ዓይንሽ ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው። ክሩን ማን እንደሚያስገባልሽም ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ወንበር እንደሚያስፈልግሽ ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ አንቺም አልነገርሽኝ። በይ ተቀመጪ።»

ኦ ቀጮ! ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። አምስት ቀን፣ ሁለት አዋጅ፣ ሰባ አንድ ቁልፍ፤ ነገሩ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። አፈረ፣ ሳቀ፣ ቀጥሎም ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ አለቀሰ።

እትዬ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ በማግስቱም ከማለዳ ጀምራ፣ በዓይኗ ያጣችውን በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች ሸመነችው፤ እህትማማቾቹም ከቀረው ኮት ጋር ገጠሙት። በአራት ሰዓት ደንበኛው ኮቱን ለብሶ በመስታወት ፊት ሦስቴ ዞረ፤ ቅሬታ ያቀረበው ስለ ኮሌታው ብቻ ነው።

ሰኞ ጋሼ መቀስ ተነሥተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦ «ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ወንበር መራጭ እኔ ነኝ። የጥጉን መርጫለሁ። ማንም በደግነት እንዳይተረጉምብኝ፤ ለኮቴ ጥላ ይስማማዋል።»

በዚያው ማለዳ ቀጮ እንደ ልማዱ ወደ አክስቱ ሄዶ መርፌ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አሥራ ሁለቱም መርፌ ክራቸውን ይዘው ኮሌታዋ ላይ ተደርድረዋል፤ በመስኮቱ ብርሃን ራሷ ናት ያስገባችው። በተዘረጋው መዳፉ ላይ አንዲት ቁልፍ አኖረችለት፤ ይህም ነጩ ላይ ስፋልኝ ማለት ነበር።

እንግዲህ ውርርድን ለሠራ፣ በሠራውም ውርርድ ለተሸነፈ፣ የሚወዳትን በብርሃን ለማስቀመጥ ቤቱን ሁሉ ላመሰ፣ ኮት ላስቀደደ ለሊቀ ቁልፍ ቀጮ ምስጋና ይድረሰው፤ ስሙ ካውያው እስኪበርድ፣ መቀሱ እስኪዶለዱም ይጠራ። አሥሩንም ቁልፍ አጥቷል፤ ያን ቀን እንደርሱ የተደሰተ ግን በቤቱ አልነበረም።