የቁንዝላው ቅሪተ አካል

ለሳይንስ የአማርኛ ቃል የሚያወጡ ሊቃውንት አንድ ነገር ይጎድላቸዋል ባይ ነኝ፤ ያወጡትን ቃል ይዘው ገጠር ወርደው አያውቁም። ከተማ ውስጥ ቃል ምን ይሆናል? መጽሐፍ ላይ ይተኛል፣ ለፈተና ይነሣል፣ ተመልሶ ይተኛል። ገጠር ግን የተናገርኸው ቃል እንደ ወረደ ይታመናል። ይህን ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ፣ ወገቤን እያመመኝ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ስለ ቅሪተ አካል፣ ማለትም ድንጋይ ሆኖ ስለ ቀረ የጥንት ፍጥረት፣ በየዓመቱ ሁለት ክፍለ ጊዜ እለፈልፋለሁ። ዘንድሮ ሰብለ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አወጣችና፣ "ቲቸር፣ እርስዎ በእጅዎ ነክተው ያውቃሉ?" አለችኝ። አልነካሁም። ያላየሁትን ሃያ ስምንት ዓመት ስመሰክር ኖሬአለሁ፤ ፍርድ ቤት ቢሆን ታስሬ ነበር። ጡረታ ሳልወጣ አንድ፣ አንዲት ብቻ፣ መንካት አማረኝ።

ርእሰ መምህራችን ደግሞ "ትምህርት በተግባር" የሚል አዲስ ፈሊጥ ይዘው ነበርና ፈቀዱልን። ቁንዝላ አጠገብ፣ ሐይቁ ድሮ በሸሸበት ደረቅ ደለል ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ የታተመበት ድንጋይ ይወጣል ብሎ አንድ ዓሣ አስጋሪ ነግሮኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ተማሪ፣ ሃያ የጥርስ ብሩሽና አንድ መዶሻ ይዤ ሄድሁ። የመንገዱን ነገር እኔ አልነግራችሁም፤ ኩላሊቴን ጠይቁት።

እንደ ደረስን አፋፉን በብሩሽ መጥረግ ጀመርን። ረፋዱ ላይ ሰብለ ጮኸች። ድንጋይ ከሆነው ደለል ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ጥቅልል ያለች ቀንድ አውጣ ብቅ ብላለች። "እንዳትነኪያት፣ መነጽሬን ላምጣ" ብዬ ወደ አውቶቡሱ ተመለስሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ሰው በመነጽር ምክንያት ይዘገያል? እኔ ዘገየሁ።

በዚህ መካከል ቄስ አላምረው የሚባሉ የአካባቢው አዛውንት ካህን በዚያ ሲያልፉ ምን እንደ ጠፋቸው ልጆቹን ጠየቁ። ጨዋ ልጆች ናቸውና እጅ ነሥተው "ቅሪተ አካል እየፈለግን ነው፣ አባ" አሉ። ቄሱ አማተቡ። "የማንን?" አሉ። አይታወቅም፣ ከሞተ ቆይቷል አሏቸው። "ሳይቀበር?" ቢሉ፣ ጭቃ ውስጥ ነው ያለው አሏቸው። እንግዲህ ይህን የሰማ ክርስቲያን ምን ያድርግ?

መነጽሬን ይዤ ስመለስ አገር ወጥቷል። ሐይቁ ላይ ታንኳዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። ወንዶቹ "በጥርስ ብሩሽ ሬሳ አይወጣም፣ ዞር በሉ ልጆቼ" ብለው አፋፉን በዶማ ይንዱታል። ደግነታቸው እኔን ነካኝ፤ ዶማቸው ደግሞ ቀንድ አውጣዋን ነካት። ዱቄት ሆናለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ባለመቸኮሌ የምለቅመውም አጣሁ። ሰብለ ዱቄቱን በመዳፏ ይዛ ስታለቅስ ያዩ ሴቶች፣ የሟቹ እኅት ናት ብለው ባሰባቸው። እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

ወደ ቄሱ ቀረብሁና "አባ፣ የሞተው እኮ ሰው አይደለም፤ ቀንድ አውጣ ነው" አልኋቸው። ትክ ብለው አዩኝና ትከሻዬን ያዙ። "ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ልጄ፤ አይዞህ" አሉኝ። ከሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሬ ላስረዳ ስል "ኧረ ውኃ አምጡለት!" ተባለ። ጠጣሁ። በኋላ ቄሱ፣ ሬሳው ባይገኝም ፍትሐት አይቀርበትም ብለው ክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ስም ሳይጠራ ፍትሐት የለምና ሁሉም አፍ አፌን ያያል። ቁርስ አልበላሁ፤ ወገቤ ተቆርጧል፤ ማስረዳት የሚባለው ነገር ከውስጤ አልቋል። በዚያ ሰዓት የመጣልኝ አንድ የክርስትና ስም ብቻ ነው። "ወልደ ሰንበት" አልሁ። የራሴን።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ የራሴን ፍትሐት ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ መምህር ከሆንሁ ወዲህ እንደዚያ ያረፍሁበት ቀን የለም።

ስንመለስ ርእሰ መምህሩ የሪፖርት ቅጽ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። "የተገኘ ቅሪተ አካል ብዛት" ለሚለው "አንድ" ብዬ ሞላሁ። "አሁን ያለበት ሁኔታ" ለሚለው ደግሞ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "ፍትሐት ተደርጎለታል፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ይገባል።"