ሃያ ሰባት ኪሎ ምክር

ኃላፊው፦ የሚዛን ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሹም።
ግራሙ፦ በዚያው መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚዛን ያረመ ባለሙያ፤ የኃላፊው ሚስት ታናሽ ወንድም። ከመናገሩ በፊት ስለሚያስብ ዘገምተኛ ይመስላል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው።
ሠራተኛዋ፦ ሻንጣ ተቀባይ።

(የአውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ። ረጅም ሰልፍ። ኃላፊውና ግራሙ ውጭ አገር ወደሚደረግ ጉባኤ ሊሄዱ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ጎን ተጓዦች ሻንጣቸውን አስቀድመው የሚመዝኑበት ሚዛን ቆሟል። ኃላፊው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ወፍራም ኮት ለብሶ ላቡን ይጠርጋል።)

ግራሙ፦ ጋሼ፣ ይልቅ ኮቱን ያውልቁት። ላብዎ ጫማዎ ውስጥ ሊገባ ነው።

ኃላፊው፦ ውጭ አገር ብርድ ነው።

ግራሙ፦ ገና ውጭ አገር አልደረስንም።

ኃላፊው፦ ብርድ ቀድሞ ነው የሚጠበቀው። ከደረሰ በኋላ የሚለብስ ተጓዥ ታሞ ነው የሚመለሰው። የሰጠሁህን ወረቀት አውጣና አንደኛውን ደንብ አንብብ።

ግራሙ፦ (የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ) «ለጉባኤ ተጓዦች የተሰጠ ምክር። አንደኛ፣ ውጭ አገር ብርድ ነው።» ማኅተምም አለው።

ኃላፊው፦ ማኅተም የሌለው ምክር ወሬ ነው።

ግራሙ፦ ጉባኤውን ያዘጋጁት ሰዎች የላኩት ደብዳቤ ግን፣ ገጽ አራት ላይ፣ በዚህ ወር ሙቀቱ ሠላሳ አራት ዲግሪ ስለሚደርስ ቀለል ያለ ልብስ ያዙ ይላል።

ኃላፊው፦ ደብዳቤው ስንት ገጽ ነው?

ግራሙ፦ ስድስት።

ኃላፊው፦ ስድስቱንም አነበብከው?

ግራሙ፦ ሁለት ጊዜ።

ኃላፊው፦ አይ የዋህ። ደብዳቤ የሚላከው እንዲፈረምበት እንጂ እንዲነበብ ነው? ለመሆኑ እኔ ስንት ጉባኤ ሄጃለሁ?

ግራሙ፦ (አስቦ) አንድ።

ኃላፊው፦ አንድ፤ ግን በደንብ ነው የሄድኩት።

ግራሙ፦ አራቱንም ቀን ጉንፋን ይዞዎት ተኝተው ነበር ብላ እህቴ ነግራኛለች።

ኃላፊው፦ እህትህ ብዙ ታወራለች። ተኝቶም ቢሆን ያየ ሰውና ያላየ ሰው አንድ አይደሉም። አሁን ሁለተኛውን አንብብ።

ግራሙ፦ «ሁለተኛ፣ ፓስፖርት በእጅ አይያዝም።» ይኼ እኮ ከብዶኛል ጋሼ። ሲጠይቁኝ ከየት ላምጣ?

ኃላፊው፦ አየህ፣ በእጅህ ጨብጠኸው ትዞራለህ፤ ሌባው ደግሞ እጅ እጅህን ያያል። የእኔ የት እንዳለ ታውቃለህ? (ግራ ደረቱን መታ መታ እያደረገ) እዚህ፣ ልቤ ላይ። በኮቱ ገበር ውስጥ ኪስ አሠርቼ፣ አፉን በድርብ ክር አሰፋሁት። እህትህ ናት የሰፋችው። ሌባ ቀርቶ እኔም ያለ መቀስ አላገኘውም።

ግራሙ፦ መቀስ ይዘዋል?

ኃላፊው፦ መቀስ አውሮፕላን ውስጥ አያስገቡም። ይኸው፣ ስድስት ገጽ አንብበህ ይኼን አታውቅም።

(ሰልፉ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ከኋላ ያሉ አንዲት እናት ግራሙን በምልክት ይጠሩታል። ማዶ ካለው ጠረጴዛ ቅጽ እንዲያመጣላቸው ነው።)

ግራሙ፦ እማማ ቅጽ አምጣልኝ እያሉ ነው። ላምጣላቸውና ልመለስ።

ኃላፊው፦ አምስተኛውን አንብብ።

ግራሙ፦ «አምስተኛ፣ ተጓዥ ለማንም ብሎ ከሰልፉ አይወጣም።» ለእናትም?

ኃላፊው፦ ማንም ማለት ማንም ነው። ደንብን በእንባ የለወጠ ሰው አገር ይለውጣል? ዝም ብለህ ቁም።

(ግራሙ ይቆማል። ግን ከኪሱ የራሱን ትርፍ ቅጽ አውጥቶ ወደ ኋላ ያቀብላቸዋል።)

ኃላፊው፦ ትርፍ ቅጽ ከየት አመጣህ?

ግራሙ፦ ገጽ ሁለት ላይ «ሁለት ኮፒ ያዙ» ይላል።

ኃላፊው፦ ስማኝ፣ እዚያ ስንደርስ ይኼን «ገጽ ሁለት፣ ገጽ አራት» የሚሉትን ነገር ተው። ጉባኤተኞች ፊት ታዋርደኛለህ። የአንተ ሥራ እኔ ጥናቱን ሳነብ በስክሪኑ ላይ ሥዕሎቹን ማሳለፍ ነው። አንገቴን ስነቀንቅ አንድ ሥዕል ታሳልፋለህ። አለቀ።

ግራሙ፦ ጋሼ፣ የጉባኤውን ፕሮግራም አየሁት። የጥናቱ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው የእርስዎ ስም ብቻ ነው።

ኃላፊው፦ ታዲያ የማን ይጻፍ?

ግራሙ፦ የገበያ ሚዛኖቹን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ በአንድ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ማስታወሻውም የእኔ ነው። ሚዛን በዕድሜ ሲበላሽ ወደ ማንም አያዳላም፤ ሰው ሲያበላሸው ግን ሁልጊዜ ወደ ባለቤቱ ያዳላል። ይቺን ለማወቅ ጉልበቴ አልቋል።

ኃላፊው፦ ማን ካደ? ጥሩ አድርገህ ሠርተሃል። እኔም ጥሩ አድርጌ ፈርሜበታለሁ። ሥራ ያለ ፊርማ ምንድን ነው? በዚያ ላይ የቤተሰብ ነው፤ በእኔ ስም ሆነ በአንተ ስም ከእህትህ ቤት አይወጣም። (ኮቱን ያወልቃል) ኧረ ይኼስ ገደለኝ።

ግራሙ፦ ደግ አደረጉ።

ኃላፊው፦ በሙቀቱ አይደለም፤ እንዳይጨማደድ ነው። (ኮቱን ሻንጣው ውስጥ ጠቅጥቆ ይዘጋና ከጎኑ ባለው ሚዛን ላይ ያወጣዋል።) ሃያ ሰባት ከአራት መቶ? የሚፈቀደው ስንት ነው?

ግራሙ፦ ሃያ ሦስት። ኮቱ ብቻ አራት ኪሎ ተኩል ነው።

ኃላፊው፦ ይኼ ሚዛን ውሸታም ነው።

ግራሙ፦ አይደለም።

ኃላፊው፦ አንተ ደግሞ ለብረት ትሟገታለህ። ሌባ ሚዛን ነው እያልኩህ። ማነው ትክክል ነው ያለው?

ግራሙ፦ (ጎንበስ ብሎ የተለጠፈውን ምልክት ያሳየዋል) እርስዎ። ባለፈው ወር እኔ አረምኩት፤ «በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ» ብለው ፈረሙ። ይኸው ፊርማዎ።

ኃላፊው፦ (ፊርማውን ትኩር ብሎ አይቶ) ፊርማው ያምራል። እንግዲያው ክርክር የለም፤ ኮቱ አንተ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የአንተ ስንት ነው?

ግራሙ፦ ዘጠኝ ኪሎ። ግን ስምንተኛው ደንብ «የሰው ዕቃ በሻንጣህ አታስገባ» ይላል።

ኃላፊው፦ እኔ ሰው ነኝ እንዴ? የእህትህ ባል ነኝ።

ግራሙ፦ በክንድዎ ቢይዙትስ?

ኃላፊው፦ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። አንዱ የጥናቱን ቦርሳ ይይዛል፣ ሁለተኛው ለሰላምታ ነው። ክፈት።

ግራሙ፦ (ኮቱን ተቀብሎ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ያየዋል) ጋሼ፣ ይኼ ኮት ወደ ግራ ያዘነብላል።

ኃላፊው፦ ኮት አያዘነብልም።

ግራሙ፦ ግራው ከቀኙ ይከብዳል። የሆነ ነገር አለበት።

ኃላፊው፦ ሰባተኛው ምን ይላል?

ግራሙ፦ «በሰልፍ ላይ ጥያቄ አይጠየቅም፤ የማያውቅ ሰው ያስመስላል።» ግን እኮ ጋሼ፣ ቅድም ልቤ ላይ ያሉት…

ኃላፊው፦ አሁን ስለ ልብ የሚወራበት ሰዓት ነው? ተራችን ደርሷል። አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።

ግራሙ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ልናገርና…

ኃላፊው፦ አንድ ቃል።

(ግራሙ ኮቱን አጥፎ በሻንጣው ያስገባል። ፊቱ ላይ ተናግሮ ያልተሰማ ሰው ዕረፍት ይታያል። ወደ ሠራተኛዋ ይጠጋና ፓስፖርቱን በእጁ ያቀብላል።)

ሠራተኛዋ፦ ሻንጣውን እዚህ ያድርጉልኝ።

ግራሙ፦ (ሳያይ) አሥራ ሦስት ከአምስት መቶ።

ሠራተኛዋ፦ (የሚዛኑን ቁጥር አይታ) በምን አወቁ? እሺ። ሻንጣውን ያዘጋጁት ራስዎ ነዎት? ውስጡ የሌላ ሰው ዕቃ አለ?

ግራሙ፦ (ወደ ኃላፊው ዞሮ) እ…

ኃላፊው፦ (አንገቱን በግራሙ ትከሻ ላይ አስግጎ) የለም። እኔ አለቃው ነኝ። በውስጡ ያለው ሁሉ የእሱ ነው። ከፈለግሽ እፈርማለሁ።

ሠራተኛዋ፦ ካሉ እዚህች ላይ ይፈርሙ።

(ኃላፊው ሳያነብ ይፈርማል። ሻንጣው በመንሸራተቻው ሄዶ ከጎማው መጋረጃ ጀርባ ይጠፋል። ግራሙ የመሳፈሪያ ካርዱን ተቀብሎ ፈቀቅ ይላል። ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ ይቀርባል።)

ሠራተኛዋ፦ ፓስፖርት።

ኃላፊው፦ (እጁን ወደ ግራ ደረቱ ይሰዳል። ሸሚዙን ያገኛል። እጁ እዚያው ይቀራል።) ግራሙ።

ግራሙ፦ አቤት ጋሼ።

ኃላፊው፦ ኮቴ።

ግራሙ፦ ሄደ።

ኃላፊው፦ ለምን አልነገርከኝም?

ግራሙ፦ ልነግርዎ ስል ሰባተኛውን አስነበቡኝ።

ኃላፊው፦ (ለሠራተኛዋ) እመቤቴ፣ ትንሽ ስህተት ናት። አሁን በሄደው ሻንጣ ውስጥ የእኔ ኮት አለ። ኮቱ ውስጥ ፓስፖርቴ ተሰፍቷል። እጅሽን ሰደድ አድርጊና…

ሠራተኛዋ፦ ሻንጣው ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ የለም ብለው አሁን ፈርመዋል።

ኃላፊው፦ ሳላይ ነው የፈረምኩት።

ሠራተኛዋ፦ እሱን ለአለቃዎ ያስረዱ።

ኃላፊው፦ አለቃው እኔ ነኝ።

ሠራተኛዋ፦ እንግዲያው ተጎድተዋል። ሻንጣው የሚመለሰው ባለቤቱ ጉዞውን ከሰረዘ ብቻ ነው። መግቢያው ሊዘጋ ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

(የኃላፊው ፊት ይለዝባል። የግራሙን ክንድ ይይዛል።)

ኃላፊው፦ ወንድም ጋሻ፣ ሰማህ? መፍትሔ አለው። አንተ ትቀርና ሻንጣው ይወርዳል። እኔ ኮቴን ይዤ በሚቀጥለው አውሮፕላን እሄዳለሁ። ሥዕሉን ራሴ አሳልፋለሁ። ለእህትህ ስትል።

ግራሙ፦ (ወረቀቱን ቀስ ብሎ ይዘረጋል) «አምስተኛ…»

ኃላፊው፦ እሱን ተወው።

ግራሙ፦ «…ተጓዥ ለማንም ብሎ ከሰልፉ አይወጣም።» ማንም ማለት ማንም ነው ብለውኛል። ማኅተምም አለው።

ኃላፊው፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እኔው እሰርዘዋለሁ።

ግራሙ፦ ሚዛንም እንደዚህ ነው የሚበላሸው ጋሼ። ሲመዝንበት የነበረው ሰው ራሱ ላዩ ላይ ሲወጣ።

ኃላፊው፦ እሺ፣ ጉባኤው ላይ ማን ያነባል?

ግራሙ፦ የጻፈው ሰው። (እጁን ይዘረጋል) ስምንተኛውን ደንብ እናክብር። እኔ የያዝኩትን የሰው ዕቃ ስመለስ አመጣልዎታለሁ፤ አራት ኪሎ ተኩል ነው፣ ግራም አይጎድልም። እርስዎ ቦርሳ ውስጥም የሰው ዕቃ አለ። እሱን ይስጡኝ።

(ኃላፊው ቦርሳውን ያያል፤ ግራሙን ያያል፤ ሠራተኛዋን ያያል። ቦርሳውን ይከፍትና ጥናቱን ያወጣል። ግራሙ ተቀብሎ በእጁ መዳፍ ላይ ያመዛዝነዋል።)

ግራሙ፦ ስድስት መቶ ግራም። እኔ ዘንድ ሳለ ይከብድ ነበር።

ኃላፊው፦ ስሜንስ ታነሳልኛለህ?

ግራሙ፦ እንዴታ። ሥራ ያለ ፊርማ ምንድን ነው? መጨረሻ ላይ «ፈራሚ» ብዬ አነሳዎታለሁ። (ይሄዳል።)

ሠራተኛዋ፦ ለሚቀጥለው ተጓዥ ቦታ ይልቀቁልኝ።

(ኃላፊው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሰልፉ ዳር ይወጣል። እማማ ቅጻቸውን ሞልተው በአጠገቡ ያልፋሉ። ስልኩ ይጮኻል።)

ኃላፊው፦ ሃሎ… አዎ፣ አንቺ ነሽ? ደርሰናል… ወንድምሽ ገባ፣ አሁን ነው የገባው… እኔ? እኔማ መች እሄዳለሁ አልኩ፣ ልሸኘው ነው እንጂ። ወጣት ባለሙያ ወደ ፊት መምጣት አለበት ብዬ አስቤበት ነው… የስንት ዓመት ወጣት? ሃምሳ ሁለት ቢሆንስ… ኮቱን እሱ ይዞታል፤ ውጭ አገር ብርድ ነው ብዬ ሰጠሁት… ምን? ሻንጣው? (ሻንጣውን ያያል። ከጎኑ የቆመውን ሚዛን ያያል። ፊርማውን ያያል።) ሻንጣውማ… ለማስመዘን ነው ያመጣሁት።